ሆዴን ነው አልኩ

ዛሬ ጠዋት ከሬኒየር ቫሊ ወደ ዳውንታውን በሚሄደው ባስ ላይ፣ ከፊቴ የተቀመጡ አንዲት እናት አጠገባቸው ያለችው የነርስ ልብስ የለበሰች ወጣት በአማርኛ ስልክ ስታወራ ሰሙና እስክትጨርስ ጠበቋት።

"ልጄ፣ ሐኪም ቤት ነው የምትሠሪው?"

"አዎ እማማ፣ ነርስ ነኝ።"

"የወር አበባዬ ከቆመ ስንት ዓመቱ። አሁን እንደገና ደም አየሁ።"

"ለዶክተር ነግረዋል?"

"ሄጄ ነበር። ሆዴን ነው አልኩ።"

"ለምን እማማ?"

"የሚያስተረጉምልኝ ልጄ ነዋ። ወንድ ነው። በምን አፌ ልንገረው?"

"ሶ፣ ምን ሰጡዎት?"

"የጨጓራ መድኃኒት። ደሙ ግን አልቆመም።"

ነርሷ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"ሆድና ማህፀን ጎረቤት ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም። የወር አበባ ከቆመ በኋላ የሚመጣ ደም የግድ መታየት አለበት።"

"ማህፀኔ እኮ ሥራውን ጨርሷል። ደሙን ከየት ያመጣዋል?"

"መውለድ ቢያቆምም እዚያው ነው ያለው። ሊታመም ይችላል።"

"ያ ክፉ በሽታ ይሆን?"

"ላይሆንም ይችላል። ሳይታይ ግን አይታወቅም። ዛሬውኑ ክሊኒኩን ኮል ያድርጉና ሴት አስተርጓሚ እፈልጋለሁ ይበሉ።"

"ኮል የሚያደርግልኝም እሱ ነው።"

ነርሷ እጇን ዘረጋች።

"ኦኬ፣ ስልክዎን ይስጡኝ።"

"ከቦርሳዬ አንቺው አውጪው።"

እኔ ከኋላቸው ተቀምጬ፣ ባለፈው ሳምንት ሐኪሙ ፊት እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ "ሆዴን ነው በልልኝ" ያለችኝን አሰብኩ።