ግራኙ የገና ተጫዋች

ከፔታ ቲክቫ መሃል ተነስተን ሼሩት በሚሉት የጋራ ታክሲ ውስጥ ነን። ከኋላዬ ጸጉሩ የሸበተ ሰውዬ ስልኩን እያየ ብቻውን ይስቃል። አጠገቡ የተቀመጡት አሮጊት ዝም ብለው ማለፍ አልቻሉም።

«ምን አገኘህ ልጄ?»

«የጎንደር የገና ጨዋታ ነው እማማ። ድሮ አንድ ፈረንጅ የቀረጸው ሲርቶን፣ ቪዲዮ ነው።»

«የክርስቲያኖቹ ጨዋታ?»

«አዎ፤ ይሄ ግራኙ ግን የእኛ የአይሁዶቹ ልጅ ነው። ልጅ ሆኜ እሱን ለማየት ግማሽ ቀን በእግሬ እሄድ ነበር። ሩሯን ሲመታት እኮ ከዓይን ትጠፋለች!»

«እስቲ አቅርበው።»

«ይዩ፤ አሸነፉ፣ ሁሉም ይጨፍራል። እሱ ግን ዱላውን ጥሎ ይሮጣል። ኩሩ ነው ይሉት ነበር።»

«ኩራት አይደለም። ወደ ወንዝ ነው የሚሮጠው። ከክርስቲያኖቹ ጋር ተነካክቶ ሳይታጠብ እናታችን ቤት አታስገባውም።»

«እናታችን አሉ?»

«ወንድሜ ነው። በዚያ ብርድ ይታጠባል፤ እኔ እንዳልነካው ጋቢውን ድንጋይ ላይ አስቀምጬለት ራቅ ብዬ እጠብቀዋለሁ።»

«አሁን የት ነው ያሉት?»

«ወደ ሱዳን ስንሰደድ መንገድ ላይ ቀረ። ፎቶ እንኳ የለኝም።»

«...እማማ፣ ጣትዎን ያሳርፉበት። ሲነኩት ይቆማል፤ መልኩን ደህና አድርገው ያዩታል።»

«ሳይታጠብማ አልነካውም ልጄ። ተወው፣ ይሩጥ።»

መውረጃዬ ሃዳር ጋኒም ስንደርስ መውረዴን ተውኩት።