የንጹሕ ቤት ሽታ

እትዬ በረኪና ፍሳሽ መጣጩን መኪና ሸኝተው የግቢያቸውን በር ሊዘጉ ሲሉ፣ አፍንጫዋን በመሐረብ ይዛ የምታልፍ አንዲት ወጣት አዩ። ቀና ስትል የሟች ወንድማቸው ልጅ ሆና ተገኘች። ለሥራ ጉዳይ በዚያ ስታልፍ ነው እንጂ እሳቸውን ልትጠይቅ አልመጣችም፤ ሁለቱም ይህን ስለሚያውቁ ሰላምታው ትንሽ ረዘመ።

«በረኪና» የሚለውን ስም ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው። ንጽሕናቸው ለሰው አይጣል ነበር። ስሙ ጆሯቸው ቢደርስም አልከፉም፤ እንዲያውም ሳይወዱት አልቀሩም።

«ግቢው ምን ሆኖ ነው አክስቴ?»

«ጉድጓዱ ነው። ባስመጠጥኩት ቁጥር ተመልሶ ይሞላል። ለዓመታት ትዝ የማይለን ጉድጓድ ዘንድሮ ዕረፍት ነሳኝ» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሆዳቸውን ተናገሩ። «የልጄ ሚስት ወልዳለች። ሽታው እስኪጠፋ ድረስ ሕፃኑን ይዤ አልመጣም አለች። የልጅ ልጄን የማውቀው በስልክ ፎቶ ነው።»

ወጣቷ የተማረችው ስለ ፍሳሽ ማጣራት ነው፤ ዘመዶቿ ሰው ሲጠይቃቸው «ስለ ውሃ ነው የተማረችው» ብለው ያልፉታል። አክስቷን ተከትላ ወጥ ቤት ስትገባ ከዕቃ ማጠቢያው ሥር የተደረደሩትን የበረኪና ጀሪካኖች አይታ ቆም አለች።

«ይህ ሁሉ ለልብስ ነው?»

«ለልብስማ ጥቂት ይበቃል። ሌላውን ከዘንድሮ ወዲህ መጸዳጃ ቤት ነው የምደፋው፤ ጀርም ከሥሩ ነው መጥፋት ያለበት። ሽታው ሲብስ እኔም አበዛዋለሁ።»

«አይቆጡኝና አክስቴ፣ ጉድጓዱን የሞሉት እርስዎ ነዎት።»

እትዬ በረኪና በብዙ ነገር ታምተው ያውቃሉ፤ በቆሻሻ ግን ታምተው አያውቁም። ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ተማረችልን ብለን ደስ ሲለን፣ አንቺ ለጀርም ጠበቃ ሆነሽ መጣሽ?»

«ሁሉም አንድ ዓይነት አይደለም። እዚያ ውስጥ ዓይን የማያያቸው ፍጥረታት አሉ። አየር በሌለበት ጨለማ መኖር ለምደዋል፤ ቀለባቸውም እኛ የምንለቀው ቆሻሻ ነው። አንደኞቹ ይሰባብሩትና ይበሉታል፤ የእነሱ ትራፊ ኮምጣጣ ነገር ነው። ሌሎቹ ደግሞ ያንን ኮምጣጣ በልተው ወደ ጋዝ ይለውጡታል። ውሃው አፈር ውስጥ ሲሰርግ አየር የሚወዱት ይቀበሉታል። እያንዳንዱ የራሱ ቦታና የራሱ ድርሻ አለው። በረኪናው እንዲህ ሲበዛባቸው ሁሉም ይጎዳሉ፤ ኮምጣጣውን የሚበሉት ግን ስስ ስለሆኑ ቀድመው ያልቃሉ። ያኔ ኮምጣጣው በሊታ ያጣና ይሸታል፤ ደለሉም ሳይበላ ይከመራል።»

«ለካ ድግስ ደግሼ እንግዶቹን እየገደልኩ ኖሯል» አሉ አሽሟጠው። «ይህን የሚበላ ፍጥረት ሕፃን ባለበት ቤት ይኑር ነው የምትይኝ?»

«እሱ በጉድጓዱ ይኑር፤ ክዳኑም ደህና ይገጠም። እጅ በሳሙና ይታጠባል፤ ወለሉንም እንደ ልማድዎ ያጸዱታል። ንጽሕናዎን ይተዉ አላልኩም።»

ነገሩ በዚህ ቢቀጥል ተቀያይመው በተለያዩ ነበር፤ ከትምህርት ቤት የተገኘ ንግግር ብቻውን ያሳመነው ሰው ጥቂት ነው። ደግነቱ ወጣቷ ምድጃው አጠገብ ጨርቅ ለብሳ የተቀመጠች ማሰሮ አየች።

«እርጎ ነው?»

«ነው፤ ትናንት ያረጋሁት። ልቅዳልሽ?»

«ማሰሮውን በበረኪና ነው የሚያጥቡት?»

«ምን ነካሽ! መቼ ይረጋልኛል? ከሥሩ ጥቂት እርጎ አስቀርቼ ነው ወተት የምጨምርበት።»

«ምድጃ አጠገብ ለምን ሆነ?»

«ሙቀት ይፈልጋላ። ከበረደው እንቢ ይላል።»

«ማነው የሚፈልገው? ማነው እንቢ የሚለው?»

እትዬ በረኪና የማሰሮዋን ጨርቅ ገለጥ አድርገው ወደ ውስጥ አዩ። ይህን ሁሉ ዘመን በገዛ እጃቸው ወተት ሲቀልቡት፣ ሙቅ ቦታ ሲመርጡለት ኖረው፣ ማን እንደሆነ ጠይቀው አያውቁም። ደነገጡ፤ ትንሽም አፈሩ።

«እዚህ ወተት፣ እዚያ ያ ነገር... ልዩነቱ ይኸው ነው በይኛ» አሉ ቀስ ብለው።

«አዎ። እያንዳንዱ የሚስማማው ቦታ ሆኖ የለመደውን ይበላል። ካልመረዙበት ሥራውን አይተውም።»

«እሺ፣ እተዋለሁ። ካልሆነ ግን ምራቴን ሄደሽ የምታባብዪው አንቺ ነሽ።»

ሽታው በአንድ ጊዜ አልጠፋም፤ እጃቸው ወደ ጀሪካኑ የሄደበትና የተመለሰበት ጊዜ ብዙ ነው። ከጊዜ በኋላ ግን ጉድጓዱ መሙላቱን ተወ፤ መኪናውም መንገዱን አልዘጋም። የጎረቤት መስኮት ተከፈተ፤ በበረኪና የተላላጠው የእሳቸው እጅም ቆዳ አወጣ። ቤቱ እንደ ድሮው ንጹሕ ነው፤ ጀሪካኑ ግን ለልብስ ብቻ ሆነ።

አንድ እሑድ ልጃቸው ሚስቱንና ሕፃኑን ይዞ መጣ። በአንድ እጁ አዲስ የበረኪና ጀሪካን አንጠልጥሏል።

«የምትወጂውን አውቃለሁ እማዬ» አለ።

አመስግነው ተቀበሉትና በሩ ሥር አኖሩት። ምራታቸው ብርሃን ፈልጋ ጉድጓዱ ወዳለበት ጓሮ ወደሚያየው መስኮት ሄደች፤ ማንም ሳይነግራት ከፈተችውና እዚያው ተቀምጣ አጠባች። እትዬ በረኪና መስኮቱን አይተው ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ሕፃኑ ጠግቦ ሲሰጧቸው አቀፉት፤ ወዲያው ጭናቸው ላይ ሸና።

ልጃቸው ደንግጦ ወደ ጀሪካኑ ሲሮጥ «ተወው፤ ሳሙና ይበቃዋል» አሉት። ልብሳቸውን ለመለወጥም አልተነሡም።