የአቶ ወልደአማኑኤል ሞተርና የመጽሔቱ ቁጥር

ባለፈው መጋቢት እኅቴን ጠይቄ ከቡልቡላ ወደ አዳማ ስመለስ የገጠመኝን እጽፋለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ስለ ሞተር የማውቀው ቁልፉ ሲዞር እንደሚነሳ ብቻ ነበር፤ ከዚህ በታች የምለውም ሁሉ በዚያ ቀን ከሰዎች አፍ የሰማሁት ነው።

የተሳፈርኩበትን ሚኒባስ የምትነዳው የመኪናው ባለንብረት ፎዚያ ራሷ ነበረች። ባሏ ከሞተ ወዲህ መሪውን ራሷ የጨበጠች፣ አርባ ዓመት ያለፋት፣ ብዙ የማትናገር ሴት ናት። ከጎኔ የተቀመጠችው ወጣት ጂቱ ትባላለች። ወላጆቿን ጠይቃ መመለሷ እንደሆነና አዳማ ባለ አንድ የቴክኒክ ኮሌጅ ስለ ሞተር እንደምታስተምር አጫወተችኝ። እኔም የቀድሞ መምህር መሆኔን ስነግራት፣ "እንግዲያው የሙያ ባልደረቦች ነና፣ ጋሼ!" ብላ ሳቀች።

መቂን አልፈን ጥቂት እንደሄድን ከሞተሩ በቆርቆሮ ላይ ጠጠር የሚበተን ዓይነት ድምፅ ይሰማ ጀመር። ጂቱ ወሬዋን አቋርጣ፣ "እባክዎ እግርዎን ከነዳጁ ላይ ያንሡ!" አለች። ፎዚያ ግን ቀድማ ወደ ዳር እየወጣች ነበር። አንድ ጊዜ ጓ አለ፤ ሰማያዊ ጭስ ከኋላችን ተትጎለጎለ፤ ቆምን።

ተሳፋሪው እያጉረመረመ በሌሎች መኪኖች ሄደ። እኔ እኅቴ ያሸከመችኝን ሁለት ጆንያ ሽንኩርት ይዤ የትም መሄድ ስላልቻልኩ ቀረሁ። ጂቱ ደግሞ ነገሩ ስላሳሰባት ቀረች። ፎዚያ ሞተሩን ወዳደሱላት ሰው ደውላ፣ "ጋሼ፣ እንደገና ቆምኩ" አለች። በድምፅዋ ቁጣ እንኳ አልነበረም። ለመቆጣትም አቅም ያስፈልጋል፤ እሷ አቅሟን ጨርሳለች።

ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ አንድ ሽማግሌ በተዋሱት ፒክአፕ መጡ። አቶ ወልደአማኑኤል ይባላሉ። ሰማያዊ ካፖርታቸውን በዚያ ሙቀት እስከ አንገታቸው ቆልፈዋል። የስኳር ፋብሪካ ጋራዥ ውስጥ ለዓመታት ሠርተው፣ ከዚያ ወጥተው አዳማ የራሳቸውን ጋራዥ የከፈቱ ሞተር አዳሽ ናቸው። ይህን ሞተር ያደሱት ከአምስት ሳምንት በፊት ነበር። ምንም አልጠየቁም። የታመመ ሰው ግንባር እንደሚዳስስ ሞተሩን በመዳፋቸው ነክተው፣ ገመዱን አሰሩና አዳማ ድረስ ጎትተው ወሰዱን።

ጋራዡ ከባጃጆች ማቆሚያ ጀርባ ነው። አቶ ወልደአማኑኤል ከሞተሩ ላይ ቴስታታውን፣ ማለት የላይኛውን ክዳኑን፣ አነሡ። ሦስተኛው ፒስተን መሐሉ ቀልጦ ተበስቷል። ለረጅም ጊዜ አዩት።

"እጄ ነው" አሉ። "ከእንግዲህ ይኼ እጅ አይታመንም።"

"ጥፋቱ የማንም ይሁን፣ ጋሼ" አለች ፎዚያ። "እኔ ነገ መንገድ ላይ መሆን ነበረብኝ።"

"አንድ ጊዜ ታገሺኝ። ሁሉንም እንደገና እለካለሁ። የሆነ ቦታ ስቼ ይሆናል እንጂ አሠራሩ ልክ ነው።"

ይህን ብለው ወደ ትንሿ ቢሮ ገቡና በላስቲክ የተጠቀለለ መጽሔት ይዘው ወጡ። በበሩ በኩል ስመለከት መደርደሪያው ሙሉ የእንግሊዝኛ የመኪና መጽሔት ነው። ከፋብሪካው የውጭ አገር መሐንዲሶች የተረፉ፣ ሌሎቹም አዲስ አበባ ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጮች የተለቀሙ ናቸው። እንደ ጸሎት መጽሐፍ በጨርቅ ደጉሰዋቸዋል።

"ልጄ፣ የሞተር አስተማሪ ነኝ ካልሽ ፍረጂኝ" ብለው ለጂቱ ዘረጉላት። "'በሁለት ቀን ሥራ ተጨማሪ ስድሳ የፈረስ ጉልበት' ይላል። ቫልቮቹን የሚከፍተውን ካምሻፍት ቀየርኩ። ቴስታታውን በማሽን አስላጭቼ የመጭመቂያውን ቦታ አጠበብኩ። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡራተር በትልቅ ለወጥኩ። ከታዘዝኩት አንዲት ነገር አላጎደልኩም። ታዲያ ሞተሩ ለምን ሞተ? አሠራሩ ትክክል ከሆነ የተበላሸው ሠሪው ነው ማለት አይደለም?"

ጂቱ ገጾቹን ቀስ ብላ ገለጠች። እኔ ወጣት ተማረ ሲሉት ሽማግሌን በአንድ ቃል ለመጣል እንደሚቸኩል ብዙ አይቻለሁ። እሷ ግን አልቸኮለችም።

"ጋሽ ወልደአማኑኤል፣ ደፍሬ ብናገር አይቀየሙኝም?"

"የቀረ መቀየም የለኝም። ተናገሪ።"

"እንግዲያው የሳተው መጽሔቱ ይመስለኛል።"

ሽማግሌው ቀና አሉ። "የታተመ እኮ ነው! ፎቶው አለ። በማሽን ተለክቷል።"

"መለካቱን አልካድኩም። ቁጥሩም እውነት ሊሆን ይችላል። ሰውን የሚያሳስተው ሳይናገር ያለፈው ነው። እስቲ ፎቶውን ይመልከቱልኝ፤ ከሞተሩ ፊት የሚያቀዘቅዘው ቬንትሌተር አለ?"

መነጽራቸውን አስተካክለው አጎነበሱ። "የለም።"

"ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞስ?"

"እሱም... የለም።"

"የአየር ማጣሪያው? የጭሱን ድምፅ የሚያፍነው ማርሚታ?"

ጣታቸውን በፎቶው ላይ አንሸራትተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ሞተሩ እነዚህን ሲያዞርና በማጣሪያና በማርሚታ ሲተነፍስ ጉልበቱን ይከፍላል። እነሱ ሁሉንም አውልቀው፣ ቀዝቃዛ ውኃ ከቧንቧ እየለቀቁበት፣ ለጥቂት ሰከንድ አስጮኹትና ትልቁን ቁጥር ጻፉ። ያውም በባሕር ጠረፍ፣ አየሩ በማይሳሳበት ቦታ። የፎዚያ መኪና ከንጋት እስከ ማታ በዚህ ሙቀት ትሠራለች።"

"ይሁን፤ ስድሳው ባይሞላ ሠላሳው ይገኛል" አሉ፤ ተስፋቸውን በቀላሉ መልቀቅ አልሆነላቸውም።

"ሠላሳውም ቢሆን ከምን ላይ ነው የተቆጠረው? ጋሼ፣ የመጀመሪያውን አንቀጽና እዚህ ታች ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ ያነብቡልናል?" ብላ መጽሔቱን ለእኔ ሰጠችኝ።

አነበብኩ። ሞተሩ ዘጠኝ ዓመት ግቢ ውስጥ ቆሞ ከነበረ መኪና የወጣ ነው፤ "በፊት" የተባለው ጉልበት የተለካው እንዳለ፣ ፋሻው፣ ማለት የፒስተኑ ቀለበት፣ እንዳለቀ ነው። ከዚያ በኋላ ፋሻውም ቫልቩም ሁሉም አዲስ ተደርጓል። ደቃቁ ጽሑፍ ደግሞ ልኬቱ የተደረገው ለውድድር በሚዘጋጅ ቤንዚን መሆኑንና ውጤቱ እንደየሞተሩ ሊለያይ እንደሚችል ይናገራል። በትይዩው ገጽ ያው ካምሻፍት ተሥሎ፣ "ዛሬውኑ ይዘዙ" የሚል የሻጩ ማስታወቂያ አለ።

"አዩ?" አለች ጂቱ። "ያለቀ ሞተር ሲታደስ ጉልበቱ ይመለሳል። እርስዎ ያንን ዕድሜ ልክዎን ሲሠሩት ኖረዋል። እነሱ ግን የእድሳቱን ትርፍ ሁሉ ለካምሻፍቱ ሰጡት፤ የሚሸጠው እሱ ነውና። ቤንዚኑም ቢሆን እዚህ ማደያ የምንቀዳው ያን ያህል ሲጨመቅ አይቋቋምም፤ ጊዜው ሳይደርስ ይፈነዳል። መንገድ ላይ የሰማነው የጠጠር ድምፅ እሱ ነው። ፒስተኑን የበላውም እሱ ነው።"

እዚህ ላይ ስለ ራሴ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ለተማሪዎቼ ምንባብ ሰጥቼ፣ "በምንባቡ መሠረት መልስ" እያልኩ ፈትኛለሁ። ከምንባቡ የወጣውን ልጅ ዜሮ ሰጥቼዋለሁ። ምንባቡ ራሱ ልክ ነው ወይ፣ የጻፈውስ ማን ነው፣ ምን ይጠቀማል ብሎ እንዲጠይቅ ግን አንድም ልጅ አላስተማርኩም። ቋንቋውን እያወቁ መታለል እንደሚቻል በዚያ ጋራዥ ቆሜ ተረዳሁ።

አቶ ወልደአማኑኤል ግን አልተረቱም። "ታዲያ ፈረንጆቹ ኃይለኛ ሞተር አይሠሩም ልትይኝ ነው?"

"ይሠራሉ፤ አሳምረው። ለውድድር። ከውድድሩ በኋላ ፈተው እንደገና ይገጥሙታል። አሥራ አራት ሰው ጭኖ ቡልቡላ ደርሶ የሚመለስ ሞተር ሌላ ነው።" ከዚያ ጣቷን በገጹ መሐል ባለው ሠንጠረዥ ላይ አሳረፈች። "የመጀመሪያውን መስመር ያንብቡልኝ። ጉልበቱ የተጻፈው ከስንት የሞተር ዙር ጀምሮ ነው?"

"ከአራት ሺህ" አሉ ሽማግሌው።

"ከዚያ በታችስ?"

"አልተጻፈም።"

ጂቱ ወደ ፎዚያ ዞረች። "እርስዎ ሲነዱ የዙር ቆጣሪው ስንት ላይ ነው የሚውለው?"

"ሁለት ሺህ። ሁለት ሺህ አምስት መቶ። ሦስት ሺህ ካለፈ ያሳዝነኛል።"

"እንግዲህ ያ ሁሉ ጉልበት እርስዎ በማይደርሱበት ዙር ላይ ነው ያለው" አለች ጂቱ። ፎዚያ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ቀጠለች።

"ጋሼ፣ እውነቱን ልናገር? ከተሠራ ወዲህ ሰው ሞልቼ ስነሳ ይሰንፍብኛል። ካላስጮኽኩት አይንቀሳቀስም። ነዳጁንም ይጠጣል። እኔ የለመንኩዎት ዳገት ላይ እንዳይሞቅብኝ ብቻ ነበር።"

"ጉልበት ከጨመርኩለት አይጨነቅም፣ ካልተጨነቀም አይሞቅም ብዬ ነው" አሉ ሽማግሌው። "ስንፍናውን ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም?"

"መጽሔቱን ያሳዩኝ ዕለት ደስ ብሎዎት ነበር። አፈርኩ።"

አቶ ወልደአማኑኤል አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጡ። ከዚያም ማንም ሳይጠይቃቸው መናገር ጀመሩ። እንዲህ ያለ ሞተር ሲሠሩ ሦስተኛቸው ነው። የመጀመሪያውን ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ምንተስኖት ለሚባል የጭነት ፒክአፕ ባለቤት ሠሩ፤ በሁለት ወሩ ተቃጠለ፤ ሰውየውም ሰላምታ ነሣቸው። ሁለተኛው አንድ ክረምት እንኳ አልዘለቀም። ከዚያ በኋላ ሞተር መክፈት ትተው ዘይት እየቀየሩ፣ ፍሬን እያስተካከሉ ኖሩ።

"በየጊዜው መጽሔቱን መልሼ አነባለሁ" አሉ። "እዚያ ይሆናል፤ እዚህ አይሆንም። እነሱ ጋ ያለው እጅ፣ እኔ ጋ የሌለው እጅ ምንድን ነው እላለሁ። ለባለቤቴ እንኳ ነግሬያት አላውቅም። ፎዚያ የባሏን መኪና ስታመጣልኝ፣ ይቺን ሴት ከረዳሁ ያለፈው ይካሳል ብዬ ነው እንደገና የደፈርኩት።"

ጂቱ ከመሥሪያ ጠረጴዛው የእሳቸውን መለኪያ አንሥታ ወደ ሞተሩ ጎንበስ አለች። እያንዳንዱን ሲሊንደር፣ ፒስተኑ የሚመላለስበትን ጉድጓድ፣ ከላይ፣ ከመሐል፣ ከታች፣ በአራቱም አቅጣጫ ለካች። የተቃጠለውን ትታ ሌሎቹን እንደገና ለካች። ሩብ ሰዓት ያህል ፈጀባት።

"ይህን ሲሊንደር የሞረዱት እርስዎ ነዎት?"

"እኔ ነኝ።"

"ከላይ እስከ ታች ያለው ልዩነት የአንድ ሚሊሜትር መቶኛ አይሞላም። እኛ ኮሌጅ ውስጥ በአዲስ ማሽን እንዲህ አናወጣም። ጋሽ ወልደአማኑኤል፣ እጅዎ አልሳተም። የታዘዘውን በትክክል ፈጸመ፤ የታዘዘው ነበር ለዚህ መኪና የማይሆነው።"

ሽማግሌው መዳፎቻቸውን ገልብጠው አዩዋቸው። ጨርቅ ፈልገው ጠረጉዋቸው፤ ንጹሕ ከሆኑ በኋላም መጥረጋቸውን አላቆሙም። እኔ ፊቴን ወደ በሩ አዞርኩ።

"ሃያ ሁለት ዓመት" አሉ በመጨረሻ።

በዚያው ሳምንት ሥራው ተጀመረ። ጂቱ የሞተሩን አምራች የጥገና መመሪያ አገኘችላቸው። አቶ ወልደአማኑኤልም አዲስ ፒስተን፣ የመጀመሪያውን ዓይነት ካምሻፍት፣ ያልተላጨ ቴስታታና ትንሹን ካርቡራተር መልሰው ገጠሙ። የሞተሩን ውኃ የሚያቀዘቅዘው ራዲያተር ሲከፈት ግማሹ በዝቃጭ ተደፍኖ ተገኘ፤ ፎዚያ ከመጀመሪያው ያማረረችው ሙቀት መነሻው እሱ ኖሯል። ማንም ወደዚያ አላየም፤ ሁላችንም የምንመለከተው ትልቁን ቁጥር ነበርና።

ከሦስት ወር በኋላ በዚያው ሚኒባስ ቡልቡላ ደርሼ ተመለስኩ። አሥራ አራት ሰው ሞልተን የሞጆን ዳገት ስንወጣ የሙቀት መርፌው ከመሐል ንቅንቅ አላለም። ፎዚያ የነዳጅ ፍጆታው እንደ ባሏ ዘመን መሆኑን፣ ከሁሉ በላይ ግን ማለዳ ቁልፉን ስታዞር መስጋት እንዳቆመች ነገረችኝ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ረቂቅ አይደለም። አንድ ነገር ይህን ያህል ይሰጣል ሲሉን፣ በማን ላይ፣ በምን ሁኔታ፣ ከምን ጋር ተነጻጽሮ፣ ማን እንዲገዛው ተብሎ ብለን ብንጠይቅ ንብረት ከመባከን፣ መንገደኛ ሜዳ ላይ ከመቅረት፣ ደግ ባለሙያም ራሱን ከመርገም ይድናል። ዛሬ መጽሔቱ በስልክ ቪዲዮ ተተክቷል፤ ማስታወቂያውና ምክሩ የተደባለቁበት መንገድ ግን ያው ነው።

ጂቱ ሽማግሌውን ኮሌጅ መጥተው ለተማሪዎቿ ሲሊንደር አሞራረድ እንዲያሳዩ ለመነቻቸው። ሁለት ጊዜ እምቢ ካሉ በኋላ ሄዱ፤ እኔም አብሬያቸው ሄድኩ። አርባ ወጣቶች ፊት ቆመው ንግግራቸውን የጀመሩት፣ "ሦስት ሞተር አቃጥያለሁ፤ እንዴት እንዳቃጠልኩ ልንገራችሁ" ብለው ነው። የሳቀ ተማሪ አልነበረም። ከዚያ ካፖርታቸውን አውልቀው እስከ ቀትር አሠሩዋቸው። ከልጆቹ አንዷ ኑዕማን የሚባለውን ጓደኛዋን ገፍታ ከፊት ለመቆም ስትታገል አየሁ።

ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ ዓይናቸውን ጨፍነው ተደገፉ። የተኙ መስሎኝ ነበር።

"ደከመዎት?" አልኩ ቆይቼ።

"በጣም" አሉ፤ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። "ግን ዛሬ የደከመኝ ከሥራ ነው፤ እንደ እነዚያ ዓመታት ከሐሳብ አይደለም።"