የአያ እንዳላማው የማኅበር ጎመን

በሉማሜ ዙሪያ አያ እንዳላማውን የማያውቅ የለም። እጃቸው የነካው ሁሉ ይበቅላል፤ ሐሳባቸውን ከማስለወጥ ግን ያልተገራ ወይፈን መጥመድ ይቀላል። ዘንድሮ የኅዳር ጽዮን ማኅበር ተረኛ እሳቸው ናቸው። ጾም ነውና ለማኅበርተኛው የሚቀርበው ሽሮና የጓሮ ጎመን ነው። ታዲያ በዓሉ እየደረሰ ሳለ ጎመኑን ትል ወረረው! ቅጠሉን ገልበጥ አድርገው ቢያዩ ደማቸው ፈላ። በማኅበርተኛ ፊት ከሚያፍሩ ሞት ይሻላቸዋል። ለባቄላው ማሳ ከተገዛው የተረፈውን ኬሚካል በጠበጡና መርጫውን አዝለው ወደ ጓሮ ገሠገሡ።

የጎረቤታቸው የወይዘሮ ስሜነሽ ልጅ የኔአለም ደብረ ማርቆስ እርሻ ተምራ የተመረቀች ናት። እናቷን ልትጠይቅ ከባጃጅ ወርዳ ስትሄድ አጥሩ ጥግ ተገናኙ።

«እንዴት ዋሉ አያ እንዳላማው? ምን አዝለዋል?»

«ተመስገን። የትል መድኃኒት ነዋ! ዛሬ ዘሩን አጠፋዋለሁ።»

«ለጽዮን የሚቀርበውን ጎመን ሊረጩ?»

«ታዲያ የማንን ልርጭ ኖሯል?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይህ ለባቄላ የተሰጠ ነው። ባቄላው ከተረጨ በኋላ ስንት ጊዜ ቆይቶ ይታጨዳል። ጎመኑ ግን ሰሞኑን ድስት ሊገባ ነው፤ መርዙም አብሮት ይገባል።»

«አጥበን ነዋ የምንቀቅለው! ስሚ ልጄ፣ ባቄላዬን ያዳነልኝ ይኸው ነው። መማርሽ ጥሩ፤ በገዛ ጓሮዬ ግን አታስተምሪኝ።»

ሌላ ቢሆን እዚህ ላይ ተኮራርፎ ይለያይ ነበር። ሽማግሌ በተግሣጽ አይመለስም፤ በራሱ ሥራ ሲጠየቅ ግን ያስባል። የኔአለም ይህን ታውቃለች። ጣሪያው ሥር የተሰቀለውን የንብ ቀፎ አየችና ፈገግ አለች።

«ቀፎው ጋቢዎን ለብሷል። ብርድ መትቶት ነው?»

«ምን ብርድ! ንቦቼ ወጥተው መርዙ እንዳይፈጃቸው ገና ሳይነጋ ሸፈንኳቸው እንጂ።»

«እንዲህ የሚፈጅ ከሆነ፣ አያ፣ ለንቡ ጋቢዎን አወለቁለት፤ ማኅበርተኛውን በምን ሊሸፍኑት ነው? ማሬስ?»

ማሬ ምራታቸው ናት፤ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛለች። ጎመኑ ከድስት ሲወጣ ቀድማ የምትቀምሰውም እሷው ናት። አያ እንዳላማው ፈሩ፤ ከፍርሃቱም ሐፍረቱ ባሰባቸው። መርጫውን ቀስ ብለው አወረዱ።

«ታዲያ ትሉ ሲበላ ቁጭ ብዬ ልየው?»

«ማን ተዉት አለ? እንዋጋዋለን እንጂ! ነጭ ሽንኩርትና ሚጥሚጣ ወቅጠን ውኃ ውስጥ እናሳድራለን። አጥልለን ትንሽ ሳሙና እንጨምርና ፀሐይ ሲበርድ የቅጠሉን ሥር ጭምር እንረጨዋለን። ይህ መርጫ ግን መርዝ ነክቶታል፤ በሌላ ንጹሕ ዕቃ ይሁን። የበጠበጡትንም ከልጅ፣ ከከብትና ከምንጭ ያርቁት፤ እንዴት እንደሚወገድ እኔ ጠይቄ እነግርዎታለሁ።»

«በአንድ ጊዜ ይለቃል?»

«አልዋሽዎትም፣ አይለቅም። ደጋግመን እንረጫለን፤ እስከዚያው በእጅ እንለቅማለን።»

«በእጅ! በዚህ ዕድሜዬ ትል ለቃሚ ልሁን?»

«እኔም አብሬ እለቅማለሁ» አለችና እጅጌዋን ሰበሰበች።

እውነትም ጎንበስ ብለው ለቀሙ። አያ እንዳላማው ወገባቸውን እየያዙ አጉረመረሙ፤ ግን አላቆሙም። ከማግስቱም ጀምሮ ያደረውን የነጭ ሽንኩርትና የሚጥሚጣ ውኃ ፀሐይ በበረደ ቁጥር ረጩ። እልኸኛ ሰው አንዴ ካመነ እልሁ ለሥራ ይሆናል። ትሉ ጨርሶ ባይጠፋም ቀነሰ፤ ጎመኑም ለምለም ቅጠል አወጣ።

የጽዮን ዕለት ማኅበርተኛው ሲሰበሰብ፣ ተረበኛው አቶ አምደሚካኤል ጓሮውን አይቶ ገባ።

«እንዳላማው፣ ቅጠሉ ወንፊት ሆኗል! ከእኛ በፊት ጎመኑን ማን በላው?»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። አያ እንዳላማው አላፈሩም፤ ሰሐኑን ይዘው ተነሡ።

«ትሉ ነዋ! ከጓዳዬ በወጣ ነጭ ሽንኩርትና ሚጥሚጣ ነው የተዋጋሁት። ንቤ እንደልቡ ይወጣል፤ ምንጩ አይመረዝም፤ የሚበላውም አይሰጋም። ከእንግዲህ መርዝ በዚህ ጓሮ አያልፍም። እናንተም ተማሩ!»

ይህን ብለው የመጀመሪያውን ጉርሻ ለማሬ አጎረሷት።