የእማዬ ሽሮ

በደርግ ጊዜ ነው። ናዝሬት፣ ከእስር ቤቱ በር ወደ ገበያ በሚመለሰው ውይይት ታክሲ ውስጥ፣ ፊት ለፊቴ አንዲት ወጣት ባዶ የስንቅ ሳህን ታቅፋ ታለቅሳለች። ከጎኗ አንዲት አሮጊት ተቀምጠዋል።

«ወንድምሽ አልበላም እንዴ ልጄ?»

«በልቷል እማማ። ሳህኑን ጠርጎ ነው የመለሰው።»

«እሰይ! ታዲያ ምን ያስለቅስሻል?»

«እናታችን ከሞተች ሁለት ወር ሆናት። እሱ ገና አልተረዳም።»

«ታስሮ ላለ ሰው መርዶ እንዴት ይነገራል!»

«እኮ! እሷ የሠራችው እንዲመስለው ሽሮውን እንደሷ አድርጌ ነው የምሠራው። ሊወጣ ሲል በሶብላ ጣል ታደርግበት ነበር።»

«ለምን አትመጣም አይልሽም?»

«እግሯን አሟታል እለዋለሁ። ከወለንጪቲ ስመጣም ጥቁሬን አውልቄ፣ ባለ አበባ ቀሚስ ለብሼ ነው፤ ይኸው ያዩታል።»

«አወቀብሽ?»

«በየሳምንቱ ከአጥሩ ማዶ ሆኖ ‹እማዬን እጅሽ ይባረክ በያት› ይለኝ ነበር።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬ ‹በሚቀጥለው ጥቁርሽን ለብሰሽ ነይ› አለኝ።»

መውረጃዬ ሲያልፍ በመስኮቱ እያየሁት አብሬያቸው እስከ ገበያው ሄድኩ።