ከሳጥኑ ያወጣኋት ካርድ

ክቡራትና ክቡራን፣ ውድ የሥራ ባልደረቦቼ፤

ወደ ምስጋናዬ ከመግባቴ በፊት፣ በር ላይ እያስቆማችሁ የጠየቃችሁኝን ልመልስ። ጎረቤቴና ባልደረባችን ሰኪና ደህና ናት። ደህና ናት ስላችሁ፣ ትናንት ከአልጋዋ ተነስታ እስከ መስኮቱ ሄዳለች ማለቴ ነው። ሳሉ አልለቀቃትም። ሐኪሙ ደረጃ እንዳትወጣ ከልክሏታል፤ ሬኒየር ቢች ያለው አፓርትማችን ደግሞ ሊፍት የለውም፤ እሷ ያለችው ሦስተኛ ፎቅ ነው። ሶ፣ ከወረደች አትወጣም። ልጇ መርየም ኮሌጁን ለአንድ ተርም አቋርጣ እናቷን ታስታምማለች። ባሏ ታክሲውን ሁለት ሺፍት ይነዳል። ሁላችሁንም ሰላም ብላችኋለች። "ኬክ ካለ ላኪልኝ" ብላለች። እባካችሁ፣ ከጫፉ፣ ክሬም የበዛበት ይቀመጥላት።

አሁን ምስጋና። ይህን የኮሚኒቲ ሴንተር አዳራሽ ለምናችሁ ያስፈቀዳችሁ፣ ወንበር የደረደራችሁ፣ ከሲያትሉ ሶዶ ሰፈር መጋዘን ከነዩኒፎርማችሁ በሰባት ቁጥር አውቶቡስ ተጋፍታችሁ የመጣችሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የካቢን ክፍል ሱፐርቫይዘራችን አቶ ወንድምአገኝ፣ ስለ እኔ ያን ሁሉ ሲናገሩ፣ "ይህቺ ሴት ማን ትሆን?" ብዬ ወደ ኋላዬ ዞሬ አይቻለሁ። ስለ ሻንጣውም አመሰግናለሁ። ለሚሄድ ሰው ሻንጣ መስጠት "ቶሎ ውጪልን" ይመስላል እንጂ በጣም ያምራል።

ሰባት ሲዝን አብረን ሠራን። ከናይንቲን ናይንቲ ጀምሮ። በየሁለት ሳምንቱ በቱሪስት መርከብ ከሲያትል ተነስተን፣ አላስካ ደርሰን፣ የሰው አልጋ አንጥፈን፣ የሰው መታጠቢያ ቤት አጥበን ተመለስን። ያ ሁሉ የበረዶ ተራራ ፊታችን ቆሞ እኛ የምናውቀው የትራስ ልብስ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ልጄ "ዓሣ ነባሪ አየሽ?" ብላ ጠየቀችኝ። "እንግዶቹ ሲጮኹ ሰምቻለሁ፤ እኔ የምፈትገው ሽንት ቤት ነበረኝ" አልኳት።

ሳቁ፣ ሳቁ። አሁኑኑ ሳቁ። ቆይቼ የምናገረው አያስቅም።

ከነገ ወዲያ ቅዳሜ መርከባችን የዘንድሮን የመጀመሪያ ጉዞ ትጀምራለች። እኔ የለሁባትም። "ጉልበቷን አሟት ነው" ተብሎ ተነግሯችኋል። ጉልበቴን ያመኛል፣ ውሸት አይደለም። ግን ሰው በጉልበት ሕመም የሚቀር ቢሆን ኖሮ እኔ በናይንቲ ቱ በቀረሁ ነበር።

እስቲ ልጠይቃችሁ። እንግዶች እኛን ለማመስገን ያላደረጉት ምን አለ? ፖስታ ትራስ ሥር የሚተዉ አሉ። ግማሽ የቀረ ሻምፑ እንደ ስጦታ በወረቀት ጠቅልሎ የሰጠኝ አለ። አንዱ የገዛ አልጋውን አንጥፎ "ላግዝሽ ብዬ ነው" አለኝ፤ ፈትቼ እንደገና እስካነጥፈው እጥፍ ሰዓት ፈጀብኝ። ስሜን ለመጥራት ሁለት ሳምንት ሙሉ የተለማመዱ ሽማግሌ ነበሩ። በመጨረሻው ቀን የመርከቧ መውረጃ መሰላል ላይ ቆመው "አዳ-ኔች!" ብለው ሲጠሩኝ፣ አልደብቃችሁም፣ አልቅሻለሁ።

ካርዷ ግን ከሁሉም ትበልጥብን ነበር። አዲስ ለገባችሁ ልንገራችሁ፤ በጉዞው መጨረሻ እንግዶች የሚሞሏት ሰማያዊ ካርድ አለች። "ካቢንዎን ማን አጸዳ? አገልግሎቱ እንዴት ነበር?" ትላለች። ሳጥን ውስጥ ይጨምሯታል፣ ሳጥኑ ቢሮ ይሄዳል። ቢሮው በሚቀጥለው ዓመት ማን ተጠርቶ ማን እንደሚቀር የሚወስነው በሷ ነው።

ሶ፣ እኛ ምን አደረግን? ሳጥኑን ቢሮ የማደርሰው እኔ ስለነበርኩ በእጄ ያልፍ ነበር። አንድ ካቢን ውስጥ በር ዘግተን፣ ካርዶቹን አልጋ ላይ ዘርግተን እናነባለን። ወቀሳ ያለባትን እኔ አወጣለሁ። ማንም እንዳይባረር። የልብስ አጣቢያችንን የሙላውን ነገር ታስታውሳላችሁ? ላውንደሪ የሰጠው ሹራብ ለአሻንጉሊት የሚሆን ሆኖ የተመለሰለት ሰውዬ፣ ካርዷን ከፊትም ከኋላም ሞልቶ፣ ቦታ ቢያንሰው በጠርዟ ዙሪያ ጽፎባት ነበር! ሙላው "እትዬ አዳነች፣ በልጆቼ፣ ይህችን አውጪልኝ" ብሎ ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ አለ። አወጣኋት።

ጥፋት ነው ብለን አላሰብንም። ገበና መሸፈን ነው ያልነው። ያደግነውስ እንደዚያ አይደል? ሰው የጓደኛውን ገበና አደባባይ ያወጣል?

ባለፈው ዓመት በጁላይ ሚስስ ሃርግሮቭ የሚባሉ ባልቴት ተሳፈሩ። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ ያለ ከዘራ አይራመዱም። ሊወርዱ አንድ ቀን ሲቀራቸው "ማመስገን ፊት ለፊት ነው" ብለው፣ እንግዳ የማይወርድበትን ደረጃ አንድ አንድ እያሉ ወርደው፣ እኛ የምንተኛበት ታችኛው ፎቅ ድረስ መጡ። ራሳቸው የሠሩትን የቼሪ ማርማላታ በብልቃጥ ይዘው። እኔ በኀፍረት ሞትኩ፤ ካልሲ ተሰቅሏል፣ ጫማ ተደርድሯል። አልጋዬ ላይ አስቀመጥኳቸው። ዙሪያውን ሲያዩ ቆይተው በኮሪደሩ ጫፍ ያለውን የብረት በር በከዘራቸው ጠቆሙ።

"ያ በር ይከፈታል?" አሉኝ።

"ኖ ፕሮብሌም፣ ማም" አልኩ።

"እሱን አልጠየቅኩሽም። ይከፈታል ወይ?"

ተነስተው ራሳቸው ገፉት። ያን በር ታውቁታላችሁ። ዝጎ ከመቃኑ ጋር ከተጣበቀ ያኔ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር። እኛ የአንሶላ ጋሪ የምናስደግፍበት ግድግዳ አድርገነዋል።

"እሳት ቢነሳ በየት ትወጫለሽ?"

"በዚያኛው ደረጃ።"

"ደረጃው አጠገብ ምንድን ነው ያለው?"

"ላውንደሪው" አልኳቸው። ሲሰናበቱኝ እጄን ይዘው ቶሎ አለቀቁትም።

በማግስቱ ካርዳቸውን አነበብኩ። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፣ እንግሊዝኛዬንም ታውቁታላችሁ፤ ግን አልገባኝም ነበር ብዬ አላመካኝም። ገብቶኛል። ይኸው፣ ይዣታለሁ። እስከ ዛሬ ዳዊቴ ውስጥ ነው የኖረችው። እንዲህ ትላለች፦

"አዳነች ለሁለት ሳምንት አልጋዬን እንደ እናት አነጠፈችልኝ። እሷና ጓደኞቿ የሚተኙበት ኮሪደር በሩ አይከፈትም። ላመሰግናት የምችለው ይህን በመጻፍ ነው። እባካችሁ በሩን አስተካክሉላቸው።"

እኔ ምን አየሁ? ስሜን አየሁ። ከስሜ ቀጥሎ "አይከፈትም" የሚለውን አየሁ። ወቀሳ ናት አልኩ። "አዳነች እንግዳ ታች አወረደች" ብለው ያባርሩኛል አልኩ። አወጣኋት። በሰባት ዓመት ከተመሰገንኩት ሁሉ የሚበልጠውን ምስጋና ጡት መያዣዬ ውስጥ ሸጎጥኩት።

ከዚያ ሁለት ወር አለፈ። ሁለት ወር ብዙ ነው፤ በሁለት ወር ስንት በር ይሠራል?

በሴፕቴምበር፣ በመጨረሻው ጉዞ፣ ቀትር ላይ፣ ላውንደሪው ማድረቂያ ውስጥ የተጠራቀመው የፎጣ ብናኝ በእሳት ተያያዘ። እኛ እላይ ካቢን እያጸዳን ነበር። ሰኪና ጎህ ሳይቀድ የገባችበትን ሺፍት ጨርሳ ታች ተኝታለች። እሳቱ ትንሽ ነበር፤ ቢሮውም "ትንሽ አደጋ" ብሎ ነው የጻፈው። ጭሱ ግን ትንሽ አልነበረም። ደረጃው በጭስ ሲታፈን ሰኪና ወደ ብረቱ በር ሮጠች።

በሩን ስትደበድብ እላይ ድረስ ይሰማ ነበር። ከሰኪና በቀር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። እኔ ቧንቧ የሚጠግኑ መሰለኝ። ትራስ እያለበስኩ "ዛሬ ደግሞ ምን ይቀጠቅጡብናል?" አልኩ። ከዚያ ድብደባው ቆመ። "ተመስገን፣ ጨረሱ" አልኩ።

እርጥብ አንሶላ ተከናንቦ፣ በሆዱ ተስቦ ያወጣት ሙላው ነው። ሙላው፣ አንገትህን አትድፋ፣ ቀና በል። ሹራብ ብታኮማትርም ሰው አውጥተሃል።

ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ አንሶላ ልናስገባ ስንሄድ ብቻዬን ወደ ታች ወረድኩ። በሩ ነጭ ቀለም ተቀብቷል። "ኤግዚት" የሚል አዲስ መብራትም በርቶበታል። ደስ አለኝ። በእጄ ገፋሁት። በትከሻዬ ገፋሁት። ቀለሙ ቀሚሴ ላይ ቀረ። በሩ ንቅንቅ አላለም።

አቶ ወንድምአገኝ ጋ ሄድኩ። እዚሁ ስላሉ፣ ከዋሸሁ ያርሙኝ።

"በሩ አይከፈትም" አልኩ።

"ተቀብቷል እኮ፣ እትዬ አዳነች።"

"በቀለም ሰው አይወጣም።"

"ነግሬያቸዋለሁ። ከመጀመሪያው ጉዞ መልስ ይሠራል ብለዋል። እባክዎ፣ ሲዝኑ ሳይጀመር ከሰዎቹ ጋር አያጣሉኝ።"

ሰባት ዓመት "እርስዎ" ስልህ ኖሬያለሁ። ያ በር ሳይከፈት አልሳፈርም ብዬ ሥራውን ለቅቄያለሁና፣ ዛሬ በዕድሜዬ አንተ ልበልህ። ወንድምአገኝ፣ ወንድሜ፣ ክፉ ሰው አይደለህም። እኔም ካርዷን ያወጣሁ ዕለት ክፉ ሴት አልነበርኩም። ያኔ እኔ ያደረግሁትን ነው ዛሬ አንተ የምታደርገው። እባክህ አትውጣ፤ ተቀመጥና ጨርሰህ ስማኝ።

ዛሬ ጠዋት የካርዷን ኮፒ ይዤ መርከብ የሚቆጣጠረው ኮስት ጋርድ ቢሮ ሄድኩ። የተቀበለችኝ ወጣት ናት። ቀኑን አይታ "ለምን እስከ ዛሬ ቆየሽ?" አለችኝ። ኮፒውን ጠረጴዛዋ ላይ ተውኩላት። "እናየዋለን፣ ኮል እናደርግልሻለን" አለች። ከቤት እስክወጣ ስልክ አጠገብ ተቀምጬ ነበር። አልጠራም።

የእኔን ሥራ የምትረከበው ልጅ፣ ሥራዬ፣ የት አለች? እጅሽን አውጪ፣ እዩዋት። በዲቪ ከመጣች አምስት ወሯ ነው። ትናንት ፎጣ እንደ ዝይ አድርጎ ማጠፍ አሳየኋት፤ በአንድ ጊዜ ገባት፣ እኔ ስድስት ወር የፈጀብኝን! ልጄ፣ የአልጋሽን ቁጥር ነግረውሻል። የማን እንደነበረ ግን አልነገሩሽም። የሰኪና ነው። ከብረቱ በር ሁለት እርምጃ።

ትናንት ማታ ሰኪና ቤት ገብቼ ሁሉንም ተናዘዝኩ። ካርዷን መርየም ተቀብላ አነበበችላት። መርየም በእንግሊዝኛ "ዩ ኒው?" አለችኝ፤ ታውቂ ነበር ማለቷ ነው። ሰኪና ስትስል ቆየች።

"ያኔ ስደበድብ ሰምተሽኛል?" አለችኝ።

"ሰምቻለሁ" አልኳት።

ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። ልወጣ ነጠላዬን ሳነሳ፣

"አልጋዬን ለማን ሰጡት?" አለችኝ።

"ሥራዬ ለምትባል ልጅ።"

"ታውቃለች?"

"አታውቅም።"

"ታዲያ እኔ ጋ ምን ትሠሪያለሽ? ሂጂ ንገሪያት!"

ሥራዬ፣ ይኸው ነገርኩሽ። ሁላችሁም ሰማችሁ።

አንድ ነገር ለምኛችሁ ላብቃ። ቅዳሜ ጠዋት ስትገቡ ሻንጣችሁን ሳታስቀምጡ ሁላችሁም ወደ ታች ውረዱ። በሩን ግፉት። ካልተከፈተ፣ ሻንጣችሁን እንደያዛችሁ ተመልሳችሁ ውጡ። አንድ ሰው ብቻውን ቢወጣ ይባረራል። አሥራ አራታችሁም ብትወጡ ግን አልጋ የሚያነጥፍ አይኖርም፤ እንግዳ ደግሞ ባልተነጠፈ አልጋ አላስካ አይሄድም። ዘንድሮ ወቀሳ ያለባት ካርድ ብትመጣም አታውጧት። ሳጥኑ ውስጥ ተዉአት።

ወጥታችሁ ግቡ። የተኛችሁበት በሰላም የምትነሱበት ይሁን። ልጆቻችሁ እናንተን ያስታምሙ ዘንድ ትምህርታቸውን አያቋርጡ። አንተም ወንድምአገኝ፣ የምትፈራውን ሁሉ ያቅልልህ። ለሚስስ ሃርግሮቭ፣ ባሉበት፣ ዕድሜ ይስጥልኝ።

ቅዳሜ እኔም ወደቡ ላይ ነኝ። እጄን ላውለበልብ አይደለም። ከሥራዬ አልጋ በላይ ክብ መስኮት አለች፤ ጭንቅላት እንኳ የማታሳልፍ። ልጄ፣ በሩ ከተከፈተ ያስተማርኩሽን የፎጣ ዝይ መስታወቱ ላይ አስደግፊልኝ። ዝይዋን ካየሁ ቤቴ ገብቼ ለሰኪና እነግራታለሁ። ካላየኋት ግን፣ ገመዱ ሳይፈታ፣ በዚህ ጉልበቴ ያን መሰላል ወጥቼ አንቺን ይዤ እወርዳለሁ።

በሉ፣ አሁን ኬኩን ቁረጡ። የሰኪናን ከጫፉ።