የቄሱን ጺም የማረከች

ልጄ ጥርስ ሳታበቅል ሞተችብኝ። ለለቅሶዋ የመጣችው አልቃሽ እንጦጦ ላይ ስሟ ገና መነሣት የጀመረ ወጣት ነበረች። ጎረቤቴ አያ ወልዴ አፏን ሳትከፍት አጣጣሏት።

«የድሮዋ አልቃሻችን፣ ነፍሷን ይማርና፣ ሙሾ ስታወርድ ፈረስ ያለቅስ ነበር!»

«ፈረሱ ዓይኑን ታሞ ይሆናል» አልኳቸው።

«ዝም በል! እሷ ብትኖር ልጅህን አንበሳ ገዳይ ታደርጋት ነበር።»

ነገሩ ግን እኔንም አስጨንቆኛል። ሙሾ የሚወርደው በሟች ጀብዱ ነው። ከመጥባት በቀር ምንም ያልሠራች ልጅ ምን ተብላ ይለቀስላታል? ያለ ሙሾ ልትሄድብኝ ነው ብዬ ፈራሁ።

አልቃሿ ጠጋ ብላ፣ «ወንድሜ፣ ምን ታደርግ ነበር?» አለችኝ።

«ክርስትና ስትነሣ የቄሱን ጺም ይዛ አልለቅም ብላ ነበር።»

ተነሥታ ያንኑ አወረደችው። አገር የሚፈራውን ጺም ልጄ በአንድ እጇ እንደማረከች፣ ቄሱም «ማሪኝ እመቤቴ» እያሉ እንደለመኗት በዜማ ተናገረች። ዳሱ በሳቅ ተናጋ፤ ቄሱም ሳቁ።

አያ ወልዴ ብቻ ተቆጡ። «ይቺ ምን አልቃሽ ናት? ለቅሶውን አበላሸችው እኮ!» ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

ልጄ ከሞተች ወዲህ እምቢ ያለኝ እንባ ገና ያኔ መውረድ ጀምሮ ነበር።